በእርምጃ የሚበር መኪና

ሰኞ

የሳሎናችን የመጋረጃ ዘንግ ጠፋ። መጋረጃው በሥነ ሥርዓት ተጣጥፎ ሶፋው ላይ ተቀምጧል፤ ስለዚህ ሌባ አይደለም። ግቢ ብወጣ ዘንጉ መንዳት ከማስተምርባት ከመለማመጃ መኪናዬ ጎን ወደ ውጭ ተዘርግቷል። ጫፉ ላይ ካሜራ ታስሯል። ሥሩ ላይ ደግሞ መስታወት ገጣጣሚዎች ትልልቅ መስታወት የሚያነሱባቸው የጎማ መምጠጫዎች የመኪናውን በር ጥብቅ አድርገው ይዘዋል። ባሌ መሬት ላይ በደረቱ ተኝቶ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያያል።

«ጎረቤቱ ሁሉ ሳሎናችንን እያየ ነው» አልኩት።

«ይይ፤ ምን አለንና» አለኝ ሳይነሳ።

ሳቄ አመለጠኝ። ቀኑን ሙሉ ተማሪዎቼ ላይ «ፍሪሲዮን! ስፖኪዮ!» ስል ስለምውል፣ ማታ አፌን አሳርፌ ትንሽ ልጻፍ ብዬ ነው ይህን የጀመርኩት።

ሰው ባሌን የሚያውቀው መንገድ ዳር ቆሞ በእጁ በሚያነሳው ፎቶ ነው። መኪናው ሲያልፍ ካሜራውን ይዞ ከወገቡ አብሮት ይዞራል። መኪናው የሹፌሩ ቅንድብ ሳይቀር ጥርት ይላል፤ አጥሩና ዛፉ ግን በብሩሽ የተጎተተ ቀለም ይመስላል። እንደሱ የሚያደርገው ሰው አላየሁም። አሁን ግን «ሰለቸኝ፤ ከእንግዲህ ካሜራውን ራሱን መኪናው ላይ አስሬ ነው የማነሳው» አለኝ። ሰው የዕድሜ ልክ ሙያው ድንገት ሊሰለቸው ይችላል። እኔም አደባባይ ማስዞር ሰልችቶኛል።

ሐሙስ፣ በችኮላ

ዘንጉ ጎበጠ። የካሜራው አፍንጫ መሬት ሊነካ ሲል ለጥቂት ዳነ። ተማሪ በር ላይ ቆማለች። መጋረጃው አሁንም ሶፋው ላይ። ጠዋት የሸሚዙን ቁልፍ የቆለፍኩለት እኔ ነኝ፤ አዲስ ስለሆነ ቀዳዳው ጠባብ ነው።

እሑድ ማታ

የዛሬውን ተረጋግቼ ልጽፈው።

ከአንድ ቧንቧ ሠራተኛ ዘንድ የተረፈ የውኃ ቧንቧ አመጣ። በአንድ ጫፉ መኪናዋ ላይ በመምጠጫዎቹ ተጣብቆ፣ በሌላው ጫፉ ካሜራውን ከፊት ለፊቷ ራቅ አድርጎ ይይዛል። ቧንቧው ከመምጠጫው በሚገናኝበት ቦታ አሮጌ የጎማ ካላማዳሪ ቆርጦ ጠቀለለበት፤ ንዝረቱን እንዲውጥ ነው አለኝ። ማን አስተማረው? ማንም። ቁጭ ብሎ ቧንቧውን ሲያየው ይቆያል፣ ከዚያ ተነስቶ ያደርገዋል።

ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ሞተር ላስነሳ ስል በመስኮት እጁን አስገብቶ ከለከለኝ።

«ሞተር አንፈልግም» አለ። «የሚንቀጠቀጥ ነገር አልፈልግም።»

ለካ ምስጢሩ ወዲህ ነው። መኪናዋን ሰው በእርምጃ ይገፋታል። ካሜራው ደግሞ ለብዙ ሰከንድ ዓይኑን ከፍቶ ይቆያል። ከመኪናዋ ጋር አብሮ ስለሚሄድ እሷ ለእሱ የቆመች ናት፤ መንገዱና ግንቡ ግን እየሮጡ ያልፋሉ። ቧንቧውን በኋላ ኮምፒውተር ላይ ያጠፋዋል።

ገፊ ሲያስፈልግ ተማሪዬን ጠራኋት። ልብስ ሰፊ ናት፤ የመንጃ ፈቃድ ፈተና ላይ ደጋግማ ወድቃለች፤ ዳገት ላይ መኪና ማስነሳት ያስለቅሳታል።

«ቲቸር፣ እኔ እኮ መንዳት ልማር ነው የመጣሁት» አለችኝ ትከሻዋን ከኋላ አስደግፋ።

«መጀመሪያ የመኪናን ክብደት እወቂ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

«እንቁላል እንዲህ አይከብድም።»

ሞተሩ የጠፋ መኪና መሪው ድንጋይ ነው። ክንዴ እስኪዝል ቀጥ አድርጌ ያዝኩት። እሱ ከጎን እየተራመደ «እንደዚያው፣ እንደዚያው» ይለኛል፤ ድምፁ እንቅልፍ የመጣበትን ልጅ እንደሚያስተኛ ሰው ዝቅ ብሏል።

ከዚያ ፎቶውን አሳየን። ያቺ ጎኗ የተላላጠ አሮጊት መለማመጃ መኪናዬ ትበራለች። ጎማዋ ይሽከረከራል፤ አስፋልቱ ከሥሯ እንደ ውኃ ይፈሳል። ልብስ ሰፊዋ አፏን በእጇ ያዘች። «ይህቺ ናት እኔን ዳገት ላይ የምታስለቅሰኝ?» አለች። ባሌ ዝም ብሎ ይስቃል። ይህን ሰው በማግባቴ በጣም ደስ አለኝ፤ እንዲህ ብዬ ነግሬው ግን አላውቅም።

አንድ ነገር። ከመገፋታችን በፊት እሱ ወደ ካሜራው ሲዞር የቧንቧውን ቡሎኖች በመፍቻ ነካ ነካ አደረግኳቸው። ገሚሶቹ ላልተው ነበር። አጠበቅኳቸው። መሸት ሸት ስላለ አላያቸውም ይሆናል።

ማክሰኞ

ቱሩምባው መጣ። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ በሹክሹክታ ሲያወራ እንኳ ከመንገድ ማዶ ይሰማል። ትልቅ ጋራዥ አለው። በየዓመቱ ዝናቡ ሲያበቃ የአሮጌ መኪናዎች የዳገት ውድድር ያዘጋጃል። ከዳገቱ ኩርባ ላይ ፎቶ የሚያነሳው ሁልጊዜ ባሌ ነው፤ ቱሩምባው ያንን ቦታ ለሌላ ሰው ሰጥቶ አያውቅም።

የመለማመጃ መኪናዬን ፎቶ አይቶ ጭንቅላቱን ያዘ። «ባለ ቧንቧው! እጅህ ይባረክ! የእኔን ቀይዋንም እንዲህ አድርግልኝ!» ለመጨበጥ እጁን ዘረጋ። ባሌ ኪሱ ውስጥ የሆነ ነገር ይፈልግ ስለነበር በትከሻው ገጨት አደረገውና አለፈ።

«ውድድሩ ላይ ግን የድሮህን ነው የምፈልገው» አለ ቱሩምባው። «ኩርባው ላይ ቆመህ። በውድድር መኪና ላይ ቧንቧ ማሰር ክልክል ነው። ደግሞ አንድ ጎበዝ ወጣት ቦታውን እየጠየቀኝ ነው፤ ከደከመህ ንገረኝ።»

«አልደከመኝም» አለ ባሌ ወዲያው። እኔን አላየኝም።

ዓርብ

ጠዋት ካሜራውን ብቻ ይዞ ዋናው መንገድ ዳር ሄደ። በእጁ ሊያነሳ ነው። እኩለ ቀን ላይ ተመለሰ። አሳየኝ ስለው ሁሉንም አጥፍቼዋለሁ፣ ዝናብ ሌንሱ ላይ ገብቶብኝ ነው አለ። ዝናቡ የጀመረው ከምሳ በኋላ ነው። እዚያ ሰፈር ቀድሞ ዘንቦ ይሆናል።

ቅዳሜ

አማቴ መጡ። ልጃቸውን ትክ ብለው ሲያዩት ዋሉ። እሱ ሻዩን ከጠረጴዛው ላይ ሳያነሳ ጎንበስ ብሎ ፉት አለ፤ ትኩስ ነበር።

ዕቃ ሳጥብ ወጥ ቤት ተከትለውኝ ገቡ። «አባቱንም በሻይ ብርጭቆ ነበር የጀመረው» አሉኝ።

ምን እንደጀመረው አልጠየቅኋቸውም። ቧንቧውን ይበልጥ ከፈትኩት።

«ሰማሽኝ ልጄ?»

«ውኃው እየጮኸ ነው እማማ።»

አንገቴን ሳም አድርገውኝ ወጡ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ ያለው ሰው ግን ዝም ብሎ ስንት ጊዜ እንደቆየ አልተናገረም።

ረቡዕ፣ በችኮላ

ሌላ ቧንቧ። ይህኛው ከኋላ ወጥቶ ጎማውን ብቻ ያያል። ሊቅ ነው ይሄ ሰውዬ። ቡሎኖቹን አጠበቅኩ፣ ሳያየኝ። ሰፊዋ እሑድ ትፈተናለች። የቱሩምባው ቀይ መኪናም እሑድ። በምን እግሬ ሁለቱ ጋ እንደምደርስ አላውቅም።

እሑድ

ሰፊዋ አለፈች። ዳገቱን ጭጭ ብላ ወጣችው። ተቃቅፈን ስንጨፍር ጊዜው ሄደ፤ ጋራዡ ስደርስ ሁሉም ነገር ታስሮ አልቋል። ቀይዋ መኪና እንደ ሙሽራ ተወልውላለች፤ የጋራዡ ሠራተኞች ለመግፋት እጅጌያቸውን ሰብስበው ቆመዋል። መፍቻውን በዓይኔ ፈለግኩት። ባሌ እጅ ላይ ነበር። «ግቢ፣ ብርሃኑ እየሄደ ነው» አለኝ። ገባሁ።

መንገዱን አጋምሰን ነበር። መጀመሪያ ትንሽ ጠቅ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቀጥሎ ቧንቧው ዞረና በሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ጫረው። ካሜራው አስፋልቱ ላይ ወደቀ፤ ሌንሱ ሲሰበር ሁላችንም ሰማን።

ቱሩምባው ወደ በሩ ጎንበስ አለ። ጭረቱን በጣቱ ተከተለውና «ማነው ያሰረው?» አለ።

«እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ» አልኩ። «ድመት ገብታብኝ ፍሬን ያዝኩ።»

ድመት አልነበረችም። ፍሬንም አልያዝኩም። በዚህ ሥራዬ ሰው ከሚያመሰግነኝ ነገር ዋናው ፍሬን በድንገት አለመያዜ ነው። ባሌ ዞር ብሎ አየኝ። እንዲህ አይቶኝ አያውቅም።

የተሰበረውን ስሰበስብ ቱሩምባው ለጋራዡ ቀለም ቀቢ በሹክሹክታ፣ በእሱ ሹክሹክታ፣ «ከጠዋት ጀምሮ ይቀማምስ ጀመር እንዴ?» ሲለው ሰማሁ። ደሜ ፈላ። ባሌ የሚጠጣው ሻይ ነው፤ እሱንም ብርጭቆው ሳይሞላ።

ቀድሜ ብደርስ ኖሮ። መፍቻውን ከእጁ ነጥቄ ብይዝ ኖሮ። ደግሞ ሰው ፊት ዋሸሁለት፤ ይህ ከሁሉ የባሰ ነው መሰለኝ። ግን ሌላ ምን እል ነበር?

ማክሰኞ

አያናግረኝም። ጨው አቀብዪኝ እንኳ አላለኝም፤ ተነስቶ ራሱ አመጣ።

ሐሙስ

ዛሬ ተናገረ። «ድመቷ ምን ዓይነት ነበረች?»

«ግራጫ።»

«እኔ እኮ ከፊትሽ ነበርኩ» አለኝና ወጣ።

ከሰዓት በኋላ ግቢ ውስጥ ብረት ሲመታ ሰማሁ። እግዜር ይስጥልኝ አልኩ፤ ለብረቱ።

እሑድ ማታ

አንጀቴን እየበላኝም ቢሆን ልጻፈው፤ የሠራው ነገር ግሩም ነው።

ከቁራሌ ገበያ የጭነት መኪና የጎማ ማዞሪያ ኩሽኔታ አመጣ። በናፍጣ አጥቦ አዲስ ግሪስ ሞላውና ወፍራም የብረት ምሰሶ ላይ በየደው። በላዩ ላይ የተበደረው ካሜራ ይቀመጣል። በጣት ገፋ ካደረጉት ያለ ምንም ድምፅ ዞሮ ዞሮ ቀስ ብሎ ይቆማል። ካሜራውን ወደ ላይም ወደ ታችም ማንቀሳቀስ አይቻልም፤ ወደ ጎን ብቻ ነው የሚሄደው። ከካሜራው ጀርባ ደግሞ ከአሮጌ መኪና የተፈታ የወንበር ቀበቶ ሰክቶ ደረቱ ላይ አሰረው። ከወገቡ ሲዞር ካሜራው አብሮት ይዞራል። እጁን ወደ ጎን ጥሎ ነው የሚሠራው፤ ምንም አይዝበትም።

አለፍ ብዬ ቆሜ ሳየው በመንገዱ በሚያልፈው መኪና ላይ ይዞራል፣ ይመለሳል፣ ይዞራል። የድሮው ወገብ ነው። አልረሳም።

«የሚቀረው የካሜራውን ቁልፍ መጫኑ ነው» አለ።

«ጣት የለህም?» አልኩ፤ ለቀልድ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ምላሴን ብውጠው በወደድኩ።

አልተቆጣም። መሬት መሬቱን አየና «ያቺ የተጣለችው የቀድሞዋ መለማመጃ መኪናሽ፣ የአስተማሪው ፍሬን የት አለ?» አለኝ።

እኔ በማስተምርበት መኪና ላይ ሁለተኛ የፍሬን ፔዳል አለ፤ ተማሪው መንገድ ሲስት በእኔ እግር የማስቆምበት። የድሮዋ መኪና ስትፈታታ ፔዳሉን አስቀርቼዋለሁ። ፈልጌ አመጣሁለት። በብስክሌት የፍሬን ካቦ ከካሜራው ጋር አገናኘው፤ ፔዳሉ ሲረገጥ ካቦው ትንሽ ብረት ይስባል፣ ብረቱ የካሜራውን ቁልፍ ይጫናል። ራሱ ሞከረው። አልሆነም። ከወገቡ እየዞረ በአንድ እግሩ ሲረግጥ ሚዛኑን ይስታል፤ አንዴም ሊወድቅ ያዝኩት።

ያዝኩትና አልለቀቅኩትም። እሱም አልተላቀቀም።

«ያንቺ እግር ተማሪው ከመሳሳቱ በፊት ያውቃል» አለኝ። «አንቺ ርገጪልኝ።»

«እሺ።»

«ደግሞ ከኋላዬ እየመጣሽ ቡሎን ስታጠብቂ አይቻለሁ። ከመጀመሪያው ቀን።»

«ለምን አልነገርከኝም ታዲያ?»

«ካልተናገርኩት የለም ብዬ።»

እኔም እንዲሁ ነበር ያሰብኩት። ነገርኩት። ከዚያ ግቢው ውስጥ ቆመን አለቀስን፤ ምሰሶው መሃላችን ስለነበር አቃቀፋችን ደግሞ ለጉድ ነው።

ማክሰኞ፣ በችኮላ

ልምምድ። የመኪና ጭራ አነሳን። ብዙ ጭራ። አፍንጫ አንድ ብቻ። «ዘገየሽ» ይለኛል። እኔ ተማሪዎቼን ይህን ቃል ስንት ጊዜ ብያቸው ይሆን?

ዓርብ

ነገሩ ገባኝ። መኪናውን ማየት የለብኝም፤ የእሱን ትከሻ ነው ማየት ያለብኝ። ግራ ትከሻው ዝቅ ሲል መኪናው ልክ ከፊቱ ነው። ለዚያ ደግሞ ዓይኔ የሠለጠነ ነው፤ ተማሪ ሊሳሳት ሲል ትከሻው ይነግረኛል። ዛሬ የዳቦ ማመላለሻ መኪና ጥርት ብሎ መጣ፣ ሹፌሩ እያዛጋ። ቁጭ ብለን ያንን ማዛጋት እንደ ልጃችን ፎቶ አየነው።

ነገ ውድድሩ ነው። ቱሩምባው ምን እንደሚል እግዜር ይወቅ። ኩርባውን ካጣ የሚያጣው ቦታ ብቻ አይደለም፤ ካሜራውን እስከ ወዲያኛው ይሰቅለዋል። አውቀዋለሁ።

ቅዳሜ

ሰፊዋ በአዲሱ መንጃ ፈቃዷ ዳገቱን አወጣችን፤ እኔ ምሰሶውን ከኋላ ታቅፌ አንዴም አፌን አልከፈትኩም። ይህም ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ኩርባው ላይ ሰው ሞልቷል። ምሰሶውን ስንተክል ቱሩምባው እየጮኸ መጣ። «ይህ ደግሞ ምንድነው? በእጅህ ነው ያልኩህ!»

ባሌ ቀበቶውን ደረቱ ላይ እያሰረ ነበር። «እጄ ይንቀጠቀጣል» አለው። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ እንደ ሰላምታ። «አልጠጣም። ቀይዋን መኪናህን የጫራት ድመት ሳትሆን በደንብ ያላጠበቅኩት ቡሎን ነው። ይህ ደግሞ እጅ አያስፈልገውም።»

ቱሩምባው ወደ እኔ ዞረ። እግሬ ፔዳሉ ላይ ነበር።

«የመጀመሪያዎቹን መኪናዎች አንሱ» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁን ቀንሶ፤ ለካ መቀነስ ይችላል። «አይቼ እወስናለሁ። ካልሆነ ወጣቱ እዚያ ቆሟል።»

ከታች የሞተር ድምፅ መጣ። እኔ ምንም አላየሁም፤ ትከሻውን ብቻ። ትንፋሹን ሲይዝ እኔም ያዝኩ። ድምፁ ቀረበ፣ ቀረበ፣ ወገቡ መዞር ጀመረ፣ ኩሽኔታው አብሮ ዞረ፣ ትከሻው ዝቅ አለ። ረገጥኩ። አቧራው ፊቴን መታኝ። ሌላው መጣ። ረገጥኩ። ሌላው። ከዚያ በኋላ የሆነውን በደንብ አላስታውስም፤ አንድ ሰው ሆነን ነበር፣ ወገቡ የእሱ፣ እግሩ የእኔ።

ቱሩምባው ካሜራው ላይ አጎንብሶ አየ። አሮጌ ሰማያዊ መኪና ኩርባውን ታጥፎ ሲወጣ፣ ከኋላው ገደሉና ሕዝቡ ቀለም ብቻ ሆነው፣ ሹፌሩ ደግሞ የታችኛውን ከንፈሩን ነክሶ። የጥርሱ ምልክት ይታያል። ቱሩምባው ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ቀና ብሎ ለጠባቂዎቹ፣ በሙሉ ድምፁ፣ «ከእነዚህ ሁለት ሰዎች በቀር እዚህ ኩርባ ላይ ማንም እንዳይቆም!» አለ። ወጣቱ ፎቶ አንሺ ራሱ መጥቶ ኩሽኔታውን እንዲነካው ፈቃድ ጠየቀ። ባሌ አስነካው፤ እንዴት እንደሚታጠብም ነገረው።

ያኔ ኮራሁበት። ማታም እየጻፍኩ እኮራበታለሁ።

እሑድ

ነገ ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን። ቀጠሮውን የያዘው ራሱ ነው።

አሁን ወጥ ቤት ጠረጴዛው አጠገብ ነን። እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። እዚያው ተወው። ይንቀጠቀጣል። ብርድም አይደለም፣ ድካምም አይደለም።

«ፈርተሻል?» አለኝ።

«በጣም።»

«እኔም።»

ካሜራውን ወደ እኔ ገፋው። «አንሺው። ሐኪሙ ፊት ስቀርብ ይቆም ይሆናል፤ ማስረጃ ይኑረን። ዓይኑን ከፍተሽ አቆዪው።»

ካሜራውን ጠርሙስ ላይ አስደግፌ አነሳሁት። ጠረጴዛው፣ የሸሚዙ እጅጌ፣ የጋብቻ ቀለበቱ ያለበት ሌላው እጁ፣ ሁሉም ቆመዋል። ያኛው እጁ ብቻ ይሮጣል። አሳየሁት። ወደ ብርሃኑ አዘንብሎ፣ ዓይኑን አጥብቦ፣ የሌላ ሰው ፎቶ እንደሚገመግም አድርጎ አየው።

«ጨልሟል» አለኝ። «መብራቱን አስጠጊና ድገሚው።»

አስጠጋሁና ደገምኩት።